በሴኮንድ አምስት ጊዜ

በሐይቁ በረዶ ላይ፣ ፀሐይ ዘግይታ ስትወጣ፣
ሩኔ ሁለቱን መኪና በተራ እየነዳ መጣ።
አንዱ አሮጌ ነው፣ ቀዩ፤ መሪው በዘይት የሚታገዝ፣
ሲያዞሩት የሚያቃስት፣ ብርድ ሲነካው የሚፈዝ።
ሌላው የኛ ነው፣ አዲሱ፤ ስም ገና ያልወጣለት፣
ዘይት የለው፣ ቺንጋ የለው፣ ሽቦና ሞተር ያለበት።

ብርዱ ሠላሳ አራት ነው፣ ከዜሮ በታች፤ ዘይቱ
እንደ ማር ረግቶ አድሯል፤ ጮኸ ፓምፑ በጠዋቱ።
«ይጩኽ» ይለኛል ሩኔ፣ ጓንቱን በጥርሱ እየነቀለ፤
«ሕመሙን የሚጮኽ ዕቃ ማንን መቼ ደለለ?»

በአርየፕሎግ ሐይቆች ላይ ሠላሳ አንድ ክረምት ፈትኖ፣
የስንቱን ፋብሪካ መኪና ዳኝቷል በእጁ ተማምኖ።
መሪ ለሱ ጆሮ ነው፤ በመዳፉ ነው የሚሰማው፣
ጎማ በረዶውን ሲነክስ፣ ሲለቅ፣ መልሶ ሲቀማው።
«ይኼ» ይላል ቀዩን መትቶ፣ «መሬቱን ይነግረኛል።
ያንቺ ግን ምን ይለኛል? ‹ሁሉ ደህና ነው› ይለኛል።
መሪ እንዲህ ሲቀል እፈራለሁ፤ መሪ እንዲህ ሲለሰልስ፣
ታች ያለው ሲንሸራተት ላይ ወሬው የማይደርስ።»

እኔ መልስ አለኝ፣ በቁጥር። ፓምፑ ቀጥ ባለ መንገድም
ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ ነዳጅ መጠጣት አያቆምም፤
የኛ ካልጠሩት ይተኛል፣ ሲያዞሩት ብቻ ይነሣል፣
መኪና ሲያቆሙ ይቀላል፣ ሲፈጥኑ ክብደት ይለብሳል።
«የመንገዱስ ስሜት?» አለኝ። «እሱንም እንጽፈዋለን።»
ሳቀ። «መንገዱን እናንተ ጻፉት፤ እኛ ጠጠሩን እንነዳለን።»

ከሰዓት፣ የሐሙስ የአተር ሾርባዬ እየቀዘቀዘ፣
የሴንሰሩን መስመር ከፈትኩ፤ ዓይኔ አንድ ቦታ ፈዘዘ።
መኪናው ቆሞ ነበር ያኔ። ጎማው አልተንቀሳቀሰም።
ነፋስ የለም። ጠጠር የለም። በረዶው ትንፍሽ አላለም።
መስመሩ ግን ይርገበገባል፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ እኩል በእኩል፣
በሴኮንድ አምስት ጊዜ፣ ሳይሰስት፣ ሳይቸኩል።

መጀመሪያ ኮዴን ጠረጠርኩ። ከዚያ ሽቦውን። ሞተሩን።
የትላንቱን ፋይል ከፈትኩ፤ የማክሰኞውን፤ የታኅሣሡን።
ሌላ ሹፌር ሲይዘው የለም። ሩኔ ሲጨብጠው ብቻ አለ፤
ታኅሣሥ ላይ እንደ ፀጉር ቀጭን፣ የካቲት ላይ ወፍሮ ዋለ።

ለካስ ቀዩን የሚወደው!
«መንገዱ ነው» ይላል እጁ፤ «ፓምፑ ነው» ይላል መንገዱ፤
በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ማን ይለያል ሲካካዱ?
የኔ ዝምተኛ መሪ ግን፣ መሬት አይሰማም ተብሎ የታማው፣
ሰውየውን ሰማው፤ ሐኪም እንኳ ገና ያልሰማው።

ማጣሪያ አለ ፕሮግራሙ ላይ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ይበቃል፤
ይጠፋል ንዝረቱ ከመሪው። ከእጁስ ማን ያጠፋዋል?
ቁጥሩን ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ጻፍኩ። ሰረዝኩ።

ማታ ጋራዡ ሲዘጋ ቀዩ ውስጥ ከጎኑ ገባሁ።
ሞተሩ እየሠራ ነው። ምን እንደምል ጠፋኝ፤ ፈራሁ።
እጄን ሰድጄ ቁልፉን አዞርኩ። ፓምፑ ዝም አለ።
የጋብቻ ቀለበቱ ግን መሪው ላይ ማንኳኳት ቀጠለ፦
ጢቅ ጢቅ ጢቅ ጢቅ ጢቅ።

ሁለታችንም ሰማን። እጁን ከጭኑ ሥር ከተተው።
«ማን ነገረሽ?» «መሪው።» «የቱ?» አዲሱን በአገጬ ጠቆምኩት። አየው።
ብዙ አየው። መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ።
ቀለበቱ ከጨርቅ ሥር ድምፁን እየዋጠ አነሰ።

«ለካስ ይሰማል» አለ ቀስ ብሎ፤ ጓንቱን በጥርሱ አጠለቀ።
«መቶ ላይ ግን ዛሬም ቀሏል። ክብደት ጨምሪለት» አለና ራቀ።